በሽርጥ የተጠቀለለው ተርቦ

ትናንት ከዙህር ሰላት በኋላ አባቴ ከኮምቦልቻ ደወለና አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ። «ተለጠፈ» አለ። ስልኩን እንደያዝኩ በረንዳው ላይ ዘለልኩ። እናቴ ልብስ ከምታጥብበት ሳፋ ቀና ብላ ምን እንደነካኝ ጠየቀችኝ፤ ተለጠፈ አልኳት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሁለት መዳፏን አነሳችና አልሐምዱሊላህ ብላ ፊቷን አበሰች። የተለጠፈው ቦሎ ነው፤ መኪና ዓመታዊ ምርመራዋን ለማለፏ ምስክር ሆኖ መስታወቷ ላይ የሚደረግላት ወረቀት። እሱ ከሌለ ሚኒባሳችን ከግቢ አትወጣም፤ ሚኒባሳችን ካልወጣች ከማድቤታችን ጭስ አይወጣም። ለአንዲት ወረቀት ይሄ ሁሉ ዝላይ ምንድን ነው የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ በየዓመቱ ስንቱ መኪና ያልፋል። የእኛዋ ግን ዘንድሮ ያለፈችው ከነተርቦዋ ነው፤ ይሄ ደግሞ እኔ ነፍስ ካወቅሁ ወዲህ ሆኖ አያውቅም።

አስራ ሰባት ዓመቴ ነው። የአማርኛ መምህራችን ትዝታ ለመጻፍ መጀመሪያ ፀጉር መሸበት አለበት ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው ግን የጻፍኩትን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ካነበቡልኝ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል። ደግሞስ ምን ላድርግ፤ ትናንት ደስታው በረድ ሲልልኝ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ የአባቴን አሮጌ ሽርጥ አወጣሁና አፍንጫዬ ላይ አደረግሁት። አረንጓዴና ቡናማ መስመር ያለው፣ ጠርዙ የተተረተረ ሽርጥ ነው። ስንቴ እንደታጠበ እንጃ፤ የተቃጠለ ዘይት ሽታው ግን ከክሩ ጋር አብሮ የተሸመነ ይመስል አልለቀቀም። ያ ሽታ ይዞኝ ሄደ። ፀጉሬ ባይሸብትም ይዞኝ ሄደ።

ተርቦ ቀንድ አውጣ የመሰለ ብረት ነው። አየር እየሳበ፣ እየጠቀጠቀ ሞተሩን ያጎርሰዋል። ሚኒባሳችን ከፋብሪካ ስትወጣ አልነበራትም። ደሴ ከላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከታች፤ በመሃላቸው ሐረጎ አለ። ሐረጎን ሰው ሞልታ፣ ጣሪያዋ ላይ ሽንኩርት በማዳበሪያ ጭና የምትወጣ ሚኒባስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ወሯ እንደገባ እርጉዝ ነበር የምታለከልከው። አባቴ እንድሪስ ደግሞ ሰው ሲቀድመው አይወድም። እኔ ገና ጥርስ ሳላበቅል ሰኞ ገበያ ከሚገኙ አሮጌ ብረት ሻጮች ዘንድ ይሄን ተርቦ አገኘ፤ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተፈታ ነው። መካኒኩ ጋሽ ታደሰ፣ የልጅነት ጓደኛው፣ ለድመት የበሬ ቀንበር ይሆናል ወይ እያለ ሲስቅበት ሰነበተና በመጨረሻ ራሱ ገጠመለት። ናፍጣውንም አብሮ ከፍ አደረገለት። ከዚያ ወዲያ መኪናችን ዳገት ላይ ማፏጨት ጀመረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሩቅ የሚሰማ ፉጨት። ለአባቴ «እንድሪስ ፉጨት» የሚለው ስም የወጣለት ያኔ ነው፤ እስከ ዛሬ መናኸሪያው ውስጥ እንድሪስ ሰይድ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቀው የለም።

ያ ጊዜ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር። የኮምቦልቻ ሂሳብ ዛሬ አንድ ስኒ ሻይ የማያጠጣ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት የፋብሪካ ሴቶች ከሥራ ወጥተው ወደ ደሴ ሲወጡ ጫፉ ወርቅማ የሆነ ሻሽ ያስሩ ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ የሚለየው ቀለሙ ብቻ። እግራቸው ላይ ብልጭልጭ ያለው የላስቲክ ጫማ፣ ጭናቸው ላይ በፌስታል የታሰረ ሎሚ። አባቴ መንዙማ የሞላበት ፍላሽ ነበረው። ድቤው ከውስጥ ሲመታ፣ ተርቦው ከፊት ሲያፏጭ፣ ከኋላ ወንበር አንዲቱ ማጨብጨብ ስትጀምር ሐረጎ ዳገት መሆኑ ይረሳ ነበር። እኔ ከአባቴ ጎን፣ ሞተሩ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ተቀምጬ ከታች የሚመጣው ሙቀት እስኪያቃጥለኝ ድረስ አልነሳም። ዛሬ የሚኒባሱ ወንበር ሁሉ ስልኩን ነው የሚያየው። እኔም ጭምር። ያኔ ግን ሰው መንገድ ያይ ነበር፤ ወደፊት እንጂ ወደኋላ የሚያይ ግን አልነበረም። ከኋላችን ምን እንደምንተው ያየሁት ቆይቼ ነው።

በየክረምቱ ምርመራ ይደርሳል። ከፋብሪካው ያልነበረ ዕቃ ከተገኘባት ትወድቃለች ይባል ነበር መናኸሪያ ውስጥ፤ ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፣ ግን ሁሉም ይለው ነበር። ስለዚህ ተርቦው መፈታት አለበት። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ግቢያችን ያን ሰሞን ድግስ የተጣለበት ይመስላል። ጋሽ ታደሰ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል፤ ቁልፍ በስም እየጠራ ይጠይቃል፤ አባቴ የተሳሳተ ያቀብለዋል፤ ይሰዳደባሉ። ጎረቤት ሾፌሮች ዕቃ ሊያውሱ ይመጣሉ። ለምርመራ ቀን መዋዋስ የሾፌር ወግ ነው፤ አንዱ ጎማውን፣ አንዱ የእሳት ማጥፊያውን። አንዲት ዶሮ የተሣለባት ቀይ የእሳት ማጥፊያ ነበረች፤ የማን እንደሆነች ተረስቶ ከመኪና መኪና ስትዞር ትከርማለች። አንድ ዓመት መርማሪው አያትና ለአባቴ «ይቺ ዶሮ ዛሬ ጠዋት ሁለቴ መጥታለች፤ አልደከማትም?» አለው። አባቴ አንገቱን ደፋ፤ ሰውየውም አሳለፈው።

ተርቦው ሲወርድ አባቴ ሽርጡን ያመጣና እንደ አራስ ልጅ ይጠቀልለዋል። የሚቀመጠው እኔ አልጋ ሥር ነው። ለምን እዚያ ቢባል፣ ቤታችን ውስጥ ሌላ ጥግ ስላልነበረ ነው፤ እኔ ግን አደራ የተሰጠኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሌሊት ጎትቼ አውጥቼ እሹሩሩ ስለው እናቴ ደርሳብኝ ቀሚሴ በጥላሸት መበላሸቱን አይታ ከመቆጣት ይልቅ ሳቀች። ብረት ነው፣ ግን ከባድነቱና የሽታው ሙቀት እንደ ሰው ነበር። ያን ሽርጥ ከዚያ በኋላ አባቴ አልለበሰውም። የተርቦው ልብስ ሆነ።

አባቴ በዚያ ሰሞን ሌላ ሰው ይሆናል። በሌላው ጊዜ በየሁለት ቃሉ ወላሂ የሚል ሰው ያን ሳምንት ወላሂ ከአፉ አይወጣም። ሰላቱ ይረዝማል። ምሳውን ያጎድላል። ምርመራው ቦታ ስንደርስ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቃል፤ የተቀየረ ነገር አለ? አባቴም በየዓመቱ አንድ ዓይነት መልስ ይመልሳል፤ «አሁን የለም።» ውሸት አይደለም፤ ተርቦው እኮ ደሴ ነው ያለው። ግን «አሁን» የምትለዋን ቃል ሲላት ዓይኑ ወደ እኔ ይመጣና ይመለሳል፤ እኔም የበዓል ቀሚሴን ለብሼ፣ ፀጉሬን በሁለት ተጎንጉኜ፣ የሆነ ነገር አብሬው የሠራሁ ያህል መሬት መሬቱን አያለሁ። ልጅ ነኝ እንጂ ነገሩ ይገባኝ ነበር።

ከዚያ መመለሱ ይመጣል። አባቴ ባዶውን አይመለስም፤ ሰው ይጭናል። ተርቦ የሌላት መኪና ደግሞ ያን ሁሉ ሰው ይዛ ሐረጎን አትወጣም። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ወጣ እንዳልን መንገድ ዳር ያቆምና ለምርመራው የተቀነሰውን ናፍጣ በቁልፍ መልሶ ይከፍተዋል። እናም እንወጣለን፤ ያለ ፉጨት፣ በዝምታ፣ ከኋላችን እንደ ከሰል ጆንያ የተራገፈ ጥቁር ጭስ እየተጎተተ።

ሐረጎ አንድ መታጠፊያ ላይ እማማ ዘሀራ በለስ ይሸጡ ነበር። አሁንም ይሸጣሉ። ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ እሾሁን አራግፈው፣ ልጣጩን ልጠው ሳፋ ውስጥ ይደረድሩታል፤ ቢጫው ከቀዩ ተለይቶ። ጎናቸው ነጭ ጨርቅ አለ። የእኛን ፉጨት ከታች ሲሰሙ ጨርቁን ሳፋው ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ እኛ እናልፋለን፤ ያነሱታል። ይሄን ሲያደርጉ በየቀኑ አየው ነበር፤ ለአባቴ ክብር የሚሰጡ ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ሰላምታ። በዓመት አንድ ቀን፣ ከምርመራ ስንመለስ፣ ፉጨት የለም። ሳይሰሙን መታጠፊያው ላይ እንደርስባቸዋለን። ጨርቁ ጎናቸው እንደተጣጠፈ፣ የተላጠው በለስ ለአየር ተሰጥቶ እንደተቀመጠ፣ ያ ጭስ ይወርድበታል። አባቴ በመስታወቱ ያያል። ፍሬን ይይዛል። ወርዶ፣ ሳፋውን እንዳለ ይገዛቸዋል። ምንም አይነጋገሩም፤ እሳቸው ይሰጡታል፣ እሱ ይቀበላል። ለእኛ ተሳፋሪዎች ደግሞ ላዩን በውሃ አጥቦ ያድለናል። ከፋራው፣ የጥፋቱ ማካካሻ ማለት ነው፣ መሆኑን አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው በዓመት ውስጥ የጠገብኩት በለስ ያ መሆኑን ነው።

ትናንት ሽርጡን ሳሸት የመጣብኝ ይሄ ነው፤ ደስታዬን ያደፈረሰውም ይሄ ነው። ከልጅነቴ ቀን ሁሉ የጣፈጠው የቱ ነው ብባል ያንን ቀን ነው የምለው። የበዓል ቀሚስ፣ ያለፈች መኪና፣ ጣቴ እስኪጣበቅ በለስ። እሳቸው ግን ባዶ ሳፋ ይዘው፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ድንጋዩ ላይ ሲቀሩ ወደኋላ ዞሬ አይቼ እጄን አውለብልቤላቸው ነበር። እጃቸውን አንስተው መለሱልኝ። ያ የእጃቸው መዳፍ ጥቁር ነበር። አላስተዋልኩም አልልም። አስተውዬ ነው በለሱን የበላሁት።

ዘንድሮ የሆነው እንዲህ ነው። የቦሎው ቀን ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው ጋሽ ታደሰ መጣ፤ እንደ ወጉ ናፍጣውን ቀነሰ፤ እንደ ወጉ ተርቦውን ሊፈታ ገባ። አልፈታ አለው። ከብሎኖቹ አንዱ ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ አካል ሆኗል። ዘይት አፈሰሰበት፤ አሞቀው፤ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ እሱና አባቴ አብረው ተንጠለጠሉበት። ጋሽ ታደሰ በመጨረሻ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠና እጁን እየጠረገ «ካስገደድኩት ይሰበራል። ተጋብተዋል፤ እኔ ፍቺ አልጽፍም» አለ።

እናቴ ሽርጡን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቴ ሽርጡን አየ፣ መኪናዋን አየ። ከዚያ «አጣጥፈሽ አስቀምጪው» አላት። «ከነተርቦዋ ነው የምወርደው።»

«ቢጥሉህስ?»

«ከጣሉኝ ሐቁን ተናግሬ ልውደቅ። እስከ ዛሬ ማለፌንም እንጃ።»

እናቴ አብሽር አለችው። ድምፅዋ ግን አብሽር አይልም ነበር። መኪናዋ ከወደቀች የሚከተለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የወንድሜ የኮሌጅ ወጪ፣ የእኔ የመሰናዶ ትምህርት፣ የአያቴ መድኃኒት፣ ሁሉም በአራት ጎማ ላይ ነው የተቀመጠው።

አብሬው ወረድኩ። የበዓል ቀሚስ አልለበስኩም። ሐረጎ ጉም ሞልቶበት እማማ ዘሀራ ያሉበትን መታጠፊያ እንኳ አላየነውም። መርማሪዋ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ከወንድሜ የማትበልጥ ወጣት ናት። የሞተሩን ክዳን ከፈተች፤ በባትሪ አበራች፤ ባትሪው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይሄ ከፋብሪካው ነው?»

«አይደለም» አለ አባቴ። «እኔ ነኝ ያስገጠምኩት።»

«ዘንድሮ?»

አባቴ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «ይቺ ጥርስ ሳታበቅል።»

እያየችኝ ዕድሜዬን አሰላች፤ እኔ ደግሞ ቁመቴን ላሳጥረው ስል ጎበጥኩ። በየዓመቱ እንዴት እንዳለፈ ጠየቀችው። እየፈታሁ አላት። አልተቆጣችም፤ ቢሆንልኝ ብትቆጣ እመርጥ ነበር። የጭስ መለኪያውን ዘንግ ጭስ ማውጫው ውስጥ ከተተችና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይርገጡት አለችው። ረገጠው። ተርቦው አፏጨ። ያ ፉጨት ከሐረጎ ሌላ ቦታ ሲሰማ እንዴት ያሳፍራል መሰላችሁ፤ ሰልፍ የያዙ ሾፌሮች ሁሉ ዞረው አዩን። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ፋቲሐ ቀራሁ። ደግማ አስረገጠችው፤ ደግሜ ቀራሁ።

«ጭሱ አልፏል» ስትል አባቴ አልሰማትም መሰለኝ ነዳጁን እንደረገጠ ቀረ። ናፍጣው ተቀንሶ፣ ተርቦውም በቦታው ሆኖ፣ መኪናችን በዕድሜዋ ሁሉ እንዲያ ንጹሕ ተንፍሳ አታውቅም። ልጅቷ አስረዳችን። ደሴ ከፍ ያለ አገር ነው፤ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ናፍጣ አየር ሲያጥረው ነው ጠቁሮ የሚወጣው። ተርቦው አየሩን ይሞላለታል። እሱን አውጥታችሁ ናፍጣ ስትጨምሩ ነው የምትጠቁሩት አለች። ከዚያም እየሳቀች ሳይሆን እንዳዘነች ሆና «የሚያስለውን ትታችሁ መድኃኒቱን ነበር የምትደብቁት» አለችው።

ጣጣው ግን አላለቀም። የተቀየረ ዕቃ መመዝገብ ስላለበት ወረቀቱ እስኪመጣ ቦሎው እንደማይሰጥ ነገረችን፤ ትናንት የተደወለልኝ ያ አልቆ ነው። ናፍጣውንም ከዚህ በላይ እንዳይከፍተው አስጠነቀቀችው። አባቴ እንደ ተማሪ እጁን አጣምሮ፣ እንዲህ ሆና ሐረጎን ትወጣለች ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ቀስ ብላ ትወጣለች።»

ቀስ ብላ። ለእንድሪስ ፉጨት ይሄ ከመውደቅ አይሻልም ነበር። ስንመለስ ሰው ጭነናል፤ ቁልፉ ከወንበሩ ሥር ነው፤ ሁልጊዜ የሚያቆምበት ቦታ ደረስን፤ አላቆመም። ዳገቱ ላይ አንዱ ሚኒባስ ደረሰብን፣ ጡሩምባ ነፍቶ ቀደመን። ሌላው ተከተለው። ከኋላ ወንበር አንድ ሰውዬ «እንድሬ፣ ዛሬ በቅሎ ነው ወይ የጫንከን?» አሉ፤ ሰው ሳቀ። አባቴ ጆሮው ቀልቶ መሪውን ብቻ ጨበጠ። ተርቦው ግን ያፏጭ ነበር፤ ዝግ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያንጎራጉር ሰው።

ጉሙ ተገፍፎ ነበር። እማማ ዘሀራ ፉጨቱን ሰምተው ጨርቁን ሳፋው ላይ ጣል አድርገዋል፤ ነጠላቸውንም አፍንጫቸው ላይ። አለፍናቸው። አባቴ በመስታወቱ ሲያይ እኔም ዞርኩ። ነጠላውን ዝቅ አደረጉ። መንገዱን ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ። ጭሱ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። አልመጣም። አባቴ ዳር ይዞ አቆመና ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ተከተልኩት።

ያን ሁሉ ዓመት ሳይነጋገሩ የኖሩትን ቆሞ ነገራቸው፤ ሽርጡን፣ አልጋዬን፣ «አሁን የለም»ን፣ ፉጨት የሌለበትን ቀን። እማማ ዘሀራ ድንጋያቸው ላይ እንደተቀመጡ ሰሙት። ከዚያ ሳቁ፤ በሳቃቸው መሃል ሳል ገባ። «ያንን ቀን እኔ የማላውቀው መሰለህ? የምርመራችሁን ሰሞን እያሰላሁ ሁለት ሳፋ፣ አንዱን ለአንተ ብዬ፣ ልጬ ነበር የምወጣው» አሉት። አባቴም ሳቀ፤ ትከሻው ላይ የነበረው ነገር የወረደለት መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ አፉ ይበሉኝ አላቸው።

«እኔ አፉ ብዬሃለሁ» አሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ይሄ ግን የራሱ ሐቅ አለው። እሱን ራስህ ጠይቀው።»

ተሳፋሪው በመስኮት ያየናል። እማማ ዘሀራ አንዲት ቀይ በለስ መርጠው ዘረጉልኝ፤ ተቀበልኳት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መብላት ከበደኝ። «ብይ እንጂ» አሉ። «የዛሬው እኮ የግብዣ ነው፤ የከፋራ አይደለም።» በላሁ። እውነቱን ልናገር፣ እንደ ልጅነቴ አልጣፈጠኝም። ንጹሕ ነበር ግን።

ስንሄድ ለአባቴ አንድ ነገር አዘዙት፤ ቦሎዋ ስትለጠፍ፣ ያኔ ሰው ሁሉ ይውረድና ይቅመስልኝ አሉ። ትናንት ተለጠፈች። እናንተም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ፣ መታጠፊያው ላይ ነጭ ጨርቅ ያያችሁ እንደሆነ እንለፍ አትበሉ፤ ውረዱ፤ ቢጫው ሳይሆን ቀዩ ነው የሚጣፍጠው። ጥሪው የእሳቸው ነው፤ እኔ አድራሽ ነኝ። ብቻ ከመውረዳችሁ በፊት ሞተራችሁን አጥፉ።